ሞላሌ ተቀምጬ ስለ ግሪክ ስጽፍ

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ብሎጉ ያስፈራኝ የለም። ሲነገር ያስቃል። የምጽፈው ስለ መንግሥት አልነበረም፤ ስለ መሬትም ሆነ ስለ ማዳበሪያ አልነበረም። አጥንታቸው እንኳ አፈር ሆኖ ስላለቀ ስለ ጥንት ግሪክና ሮም ሰዎች ነበር። እንዲያም ሆኖ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዬ ተነሥቼ በቆርቆሮው በር ሽንቁር ውጪውን የማይበት ዘመን ነበረኝ። ያን ጊዜ ሞላሌ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍት ስል ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ የሚውል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። በዕርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በካርቶን እንደታሸጉ ግድግዳውን ተደግፈው ይኖራሉ። አንድ ክረምት ተማሪው ሲበተን ቁልፉን ለምኜ ካርቶኖቹን ከፈትኳቸው። ከላይ የነበረው በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት የሚያስተምር መጽሐፍ ነው፤ የመንዝ ልጅ ምን እንዲያደርግበት እንደተላከ የላከው ይወቅ። ከሥሩ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። ግሪኮች በአደባባይ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ሮማውያን ሹሞቻቸውን እንዴት እንደሚመርጡ፣ በቲያትራቸው ምን እንደሚያስለቅሳቸው፣ ሙታናቸውን እንዴት እንደሚቀብሩ ይተርካል። ጉሙ ከደጃፌ ሳይነሣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ጨረስኩት። ስጨርሰው የማወራው ሰው አጣሁ። ባልደረቦቼ ስለ ዝውውርና ስለ ደረጃ ዕድገት እንጂ ስለ አቴና መስማት አይፈልጉም፤ አልፈርድባቸውም።

በከተማው አንዲት ኮምፒውተር ቤት ነበረች። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ መስኮቷ ላይ በሽቦ ባንጠለጠለቻት ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ኢንተርኔት ትስባለች። ደመና ሲበዛ አይሠራም፤ የገበያ ቀን አይሠራም፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት አይሠራም። ብሎግ የሚባለውን ነገር ያሳየችኝ እሷ ናት። እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ያነበዋል ስትለኝ ሳቅኩባት። እኔ በእጄ ጽፌ እመጣለሁ፤ እሷ ደንበኛ ሲጠፋ ትተይብልኛለች። አንዳንዴ ጣቷን ከፊደሉ ላይ ታነሣና «ከዚያስ?» ትለኛለች። የመጀመሪያዋ አንባቢዬ እሷ ነበረች፤ ሁለተኛው አባቴ ነበሩ።

አባቴ በስተምዕራብ፣ በዘመሮ አቅጣጫ፣ ከሞላሌ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእህቴ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ የጻፍኩትን እኔ ነኝ የማነብላቸው። ከግሪኮቹ ቋንቋ የሚያውቁት በሰሞነ ሕማማት እየሰገዱ የሚሉትን «ኪርያላይሶን» ብቻ ነው፤ ለእሳቸው ግን ያ በቂ ነበር፤ ሰዎቹን እንደ ሩቅ ዘመድ ቆጠሯቸው። ጣዖት ያመልኩ ነበር ስላቸው አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ጊዜው ስላልደረሰላቸው ነው ብለው ያልፏቸዋል። ቲያትራቸውን ወደዱላቸው። በእነዚያ ቲያትሮች ሰው ከሚፈራው ነገር ሲሸሽ እዚያው ላይ ሄዶ እንደሚወድቅ ስነግራቸው፣ ታዲያ ቆሞ ቢጠብቀው ምን ነበረበት ብለው ጠየቁኝ። ያን ጥያቄ ብሎጉ ላይ ጻፍኩት፤ ብዙ ሰውም ወደደው።

ጣጣውን ያመጣው ገሉ ነው። አቴናዎች በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ይወጡና ከልኩ በላይ ገነነ የሚሉትን ሰው ስም በእንስራ ስባሪ ላይ ይጭራሉ። ስሙ በብዙ ገል ላይ የወጣ ሰው ሳይታሰር፣ ንብረቱም ሳይነካ፣ ለአሥር ዓመት አገር ለቆ ይሄዳል። እኔን የገረመኝ ገሉ ራሱ ነበር። በእኛ ቤት ገል የእሳት መጫሪያ፣ ቢበዛ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ። በሳምንቱ ኮምፒውተር ቤት ስገባ ከጽሑፉ ሥር አስተያየቶች ተደርድረው ጠበቁኝ። አንድ የማላውቀው ሰው «ገብቶናል፤ በርታ» ይላል። ሌላው «እኛም ገል እየሰበሰብን ነው» ብሏል። ምንድን ነው የገባቸው ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። በሩን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እርስዎ ያሰቡት ነዋ አለችኝ። እኔ ግን ምንም አላሰብኩም ነበር፤ ቢያንስ ያሰብኩ አይመስለኝም ነበር። አንባቢዎቼን አንድ በአንድ ረገምኳቸው። ባሕር ማዶ ተቀምጦ ገል መሰብሰብ ምን ይከብዳል፤ ሞላሌ የማድረው እኔ ነኝ።

የወረዳው የጸጥታ ኃላፊ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ነበር የሚኖረው። አንድ እድር ውስጥ ነን። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ስናልፍ ስናገድም ሰላምታችን ደህና ነበር። ከገሉ ጽሑፍ በኋላ አንድ ቀን ሻይ ቤት መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስኳሩን እያማሰለ፣ ትጽፋለህ አሉ፣ አለኝ። ታሪክ ነው አልኩት። የማን ታሪክ አለኝ። የግሪኮች አልኩ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እነዚህ ግሪኮች እነማን ናቸው?»

እያሾፈብኝ ይሁን ከልቡ እየጠየቀኝ ፊቱ አያስታውቅም። ላስረዳው ሞከርኩ። ባሕር እንደከበባቸው፣ ወይራ እንደሚተክሉ፣ ከሞቱ ስንት ዘመን እንደሆናቸው፤ በተለይ መሞታቸውን ደጋግሜ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ ጥሩ ነው፣ ታሪክ ጥሩ ነው ብሎ የእኔንም ሻይ ከፍሎ ወጣ። ያ የከፈለልኝ ሻይ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መልስ ማጥናት ያዝኩ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ስመለስ፣ ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ፣ በሆዴ እጠየቃለሁ፣ በሆዴ እመልሳለሁ። ግሪኮች እነማን ናቸው? የተየበልህ ማን ነው? ገሉን ምን ልትል ነው የጻፍከው? ከውጭ የሚጽፉልህ ሰዎች እነማን ናቸው? ለሁሉም መልስ አዘጋጀሁ፤ አንዳንዱን መልስ ከትምህርቴ በላይ አጥንቼዋለሁ። የመምህራን ግምገማ ሲደረግ ርዕሰ መምህሩ «አንዳንድ መምህራን» ባሉ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። እሳቸው የሚሉት ስለሚያረፍዱ መምህራን ነበር፤ እኔ ግን አርፍጄ አላውቅም፣ ስለዚህ እኔን ነው የሚሉት እላለሁ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያጃጅላል። ለምን አላቆምክም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር አባቴ ደጃፍ ላይ በርጩማቸውን አውጥተው ይጠብቁኝ ስለነበር ነው። ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም።

ከሻይ ቤቱ ወሬ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ታመሙ። ሕመሙ ደረታቸው ላይ ነው፤ ሌሊቱን ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያድራሉ። እህቴ ሐኪም ቤት ይወሰዱ ብትል እንቢ አሉ። በአንዱ ቅዳሜ ስለ ቀብር የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ግሪኮች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ሳይቀበሩ መቅረትን ነው። አፈር ያልለበሰ ሰው ነፍሱ ወንዝ ዳር ቆማ የሚያሻግራት ታጣለች ይላሉ። መንገደኛ እንኳ የማያውቀው ሬሳ ቢያጋጥመው አፈር ሳይበትንበት ካለፈ ነውር ነው። ቸኩሎ ከሆነ ብዙም አይጠየቅም፤ አንድ እፍኝ ይበቃል። እዚህ ጋ ስደርስ አባቴ ሳሉ እያቋረጣቸው ሳቁ።

«አንድ እፍኝ ለመንገደኛ ነው። አንተ ልጄ ነህ፤ በአካፋ ነው የምታለብሰኝ።»

እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን መሳቃቸውን ትተው ነበር። የአባታቸውን መቃብር በእጃቸው እንደሞሉ፣ አባታቸውም ለአያታቸው እንደዚያው እንዳደረጉ ነገሩኝ። ከዚያም ገበያ የሚወጣው ሰው ስለ እኔ የሚያወራውን ሁሉ እንደሚሰሙ፣ ልጅህ መንግሥት ይነካል እንደሚሏቸው ነገሩኝ። እኔ ደንግጬ እንደምተወው ማልኩላቸው። እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተው አልልህም። ብቻ ሳይወስዱህ ድረስልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ መልኩን ቀየረ። እስር ቤቱ፣ ዱላው፣ ከሥራ መባረሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ የከፋው እኔ ታስሬ እሳቸው መሞታቸው ሆነ። አካፋውን ባዳ ሲይዘው ይታየኛል። የቀብሩን ጽሑፍ ግን ልጅቷ ተይባ ለቀቀችው፤ አንድ እፍኝ ይበቃል የሚለው መስመር እንዳለ ወጣ።

ፋሲካ በተፈሰከ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ጦማሪዎች ታሰሩ የሚል ዜና ሬዲዮኔን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ጦማሪ የሚለውን ቃል በደንብ ያስተዋልኩት ያኔ ነው፤ ለካ እኔም ጦማሪ ኖሬያለሁ። በማግስቱ ከትምህርት በፊት ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ልጅቷን፣ ሁሉንም አጥፊልኝ አልኳት። ሞከረች። ገጹ አይከፈትም። ደግማ ሞከረች፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። እዚህ አገር ተዘግቷል፣ ውጪ ላለ ሰው ግን ይታያል አለችኝ። የገዛ ጽሑፌ ለእኔ ተቆልፎ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ላነበው አልችልም፤ ልሰርዘውም አልችልም፤ አለመጻፌን መካድም አልችልም። ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ መሣሪያዋን ከመስኮቱ አወረደች። ወደ እኔ ሳትዞር፣ መምህር ለትንሽ ጊዜ ባይመጡ ይሻላል አለችኝ። አልተቀየምኳትም።

ቤቴ ገብቼ የሞባይሌን ባትሪ አወጣሁ። ስልክ ሰው ያለበትን ቦታ ይናገራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሞላሌ ውስጥ ያለሁበትን የማያውቅ ሰው እንደሌለ ግን አላሰብኩም። ያን ቅዳሜ አባቴ ዘንድ አልሄድኩም። ከከተማ ብወጣ ሸሸ ይሉኛል ብዬ ነው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልሄድኩም። እህቴ ደውላ ይሆናል እያልኩ ባትሪውን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በርጩማቸውን አውጥተው ሲጠብቁኝ ይታየኛል፤ መታመማቸውንም፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ እንደማይችሉም እያወቅኩ። አሁን ቢመሽ፣ አሁን ቢነጋ፣ ይህች ሳምንት ብቻ ብታልፍ እላለሁ። ሳምንቷ አልፋ ሌላ ትመጣለች።

የቤት አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እንደ እናት ነበሩልኝ፤ ግን ቆጣ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። አንድ ማታ ቋንጣ ፍርፍር በሰሃን ይዘው ክፍሌ ገቡ። በልቻለሁ ብላቸው፣ ብላ አሉኝ። ጎረስኩ። አልሄዱም፤ በሩን ተደግፈው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጨምሩልኝ ሳልል ጨመሩልኝ። ሲወጡ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው፣ ተኛ ልጄ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። በሩ ሲዘጋ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሰዎቹ መጥተው ጠይቀዋቸዋል፤ እሳቸውም ተናግረዋል፤ አሁን እያዘኑልኝ ነው። ጫማዬን እንዳጠለቅኩ ተጋደምኩ።

ሊነጋጋ ሲል ውሻው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ተነሥቼ በሽንቁሩ አየሁ። በሩ ፊት ለፊት ጋቢ የለበሱ ወንዶች ቆመዋል። ሌሎችም ከታች እየመጡ፣ ጫማቸው ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቁ ይቀላቀሏቸዋል። የሚያንኳኳ የለም። የሚናገር የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር አለበት። ከመሐላቸው፣ ጋቢውን በጃኬቱ ላይ ደርቦ፣ የጸጥታ ኃላፊው ቆሟል። ሰዓቱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፤ ብርሃን እስኪሆን እየጠበቀ ነው። አከራዬ ተነሥተው በራቸውን ሲከፍቱ፣ ሊያስገቧቸው ሲያዘግሙ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሽንቴ መጣ። ያጠናሁት መልስ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከታሰርኩ አባቴን አልቀብራቸውም። በጓዳው መስኮት ወጣሁ፤ የድንጋዩን ካብ ዘልዬ በባሕር ዛፉ መሐል ሮጥኩ።

ወደ አባቴ መሄድ አልቻልኩም፤ መጀመሪያ የሚፈልጉኝ እዚያ ነው። ስለዚህ ፊቴን በስተምሥራቅ ወዳለው ወደ ጓሳ ደጋ አዞርኩ። ጓሳን አቋርጬ ወደ ቆላው ብወርድ ዋናው መንገድ ላይ መኪና አገኛለሁ፤ ነገሩ ሲበርድ በሌላ በኩል ዞሬ አባቴ ዘንድ እደርሳለሁ፤ ሐሳቤ ይኼ ነበር። ከመንገዱ ራቅ ብዬ በእርሻ መሐል፣ በገደል አፋፍ ስሄድ ፀሐይ ከፍ አለች። ከኋላዬ መኪና በሰማሁ ቁጥር መሬት ላይ እተኛለሁ። የምሮጥበት አቅም ሲያልቅ እራመዳለሁ፤ ስራመድ ደግሞ ዘወር እያልኩ አያለሁ። ማንም አይከተለኝም። ያ ራሱ አስፈራኝ።

ጓሳ ስደርስ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጉሙ ይመጣል ይሄዳል። ያን ዓመት ሣሩ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። የጓሳ ሣር ሲከለከል ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይገባበትም፤ አገሩ ራሱ መክሮ የከለከለውን አገሩ ራሱ ይጠብቀዋል። በዚያ ወቅት ከመንገድ ወጥቶ ሣር ውስጥ የተገኘ ሰው ሌባ ነው። ይህን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም። እኔ ግን ሁለት ፈረሰኞች ከማዶ ብቅ ሲሉ ሳይ፣ ከመንገዱ ወጥቼ ሣሩ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። የፈረሶቹ ኮቴ ቆመ። ከዚያ ከመንገድ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

አንደኛው፣ ውጣ ከሣሩ፣ እጅህን አሳይ አለ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አድርጌ ተነሣሁ። በቃ፣ አልኩ በልቤ። ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ አየሁት፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። በዕድሜ የገፋው ትኩር ብሎ አየኝና ከፈረሱ ወረደ። ድሮ ከአባቴ ዘንድ ዜማ የተማረ ሰው ነው፤ ልጅ ሆኜ ያውቀኛል። ቆቡን አወለቀ።

«እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

ሊይዘኝ የመጣ ሰው እንዲህ ለምን እንደሚለኝ አልገባኝም። እጄን እንደሰቀልኩ፣ ምን አድርጌ ነው የምትይዙኝ አልኩት። ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛውም መሬት መሬት አየ። ሰውየው ቀስ ብሎ እጄን ይዞ ወደ ታች አወረደልኝ፤ ከዚያ በመጣሁበት በኩል፣ ወደ ምዕራብ አመለከተኝ።

«ቀብሩ እኮ በዚያ ነው» አለ።

ቆሜ ቀረሁ። አከራዬ በዓይነ ሕሊናዬ መጡብኝ፤ ቋንጣውን በሰሃን ይዘው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ብላ ሲሉኝ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማታም አይነገርም። ማታ የተነገረው ሰው ሆዱ ባዶ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ሳያይ ስለሚያድር፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ይደብቀዋል፤ ያበላዋል፣ ያስተኛዋል። ጎረቤትና እድርተኛ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል ደጁ ይቆማል፤ ብርሃን ሲሆን ገብተው ይነግሩታል። ይህንንም የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም። እኔ ራሴ ስንት ደጅ እንደዚያ ቆሜያለሁ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ሳልናገር፣ ሰማዩን እያየሁ።

ሰውየው ፈረሱ ላይ ከኋላው አፈናጠጠኝ። አባቴ ያረፉት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ እህቴ እኔን በስልክ ስታጣ ለእድሩ ዳኛ እንደደወለች፣ ዜናው ጓሳ ማዶ ድረስ በማታው እንደተዳረሰ እየጋለበ ነገረኝ። አገር ሁሉ ሲሰማ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምን ጓሳ እንደተገኘሁ አልጠየቀኝም። እኔ ወገቡን ይዤ የማየው ፀሐይዋን ነበር። ሬሳ በማግስቱ ውሎ አያድርም፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይቀበራል። ፈረሱ ሁለት ሰው ተሸክሞ ቁልቁለቱን አልችል አለ፤ ወርጄ አብሬው ሮጥኩ፤ ስደክም መልሶ አፈናጠጠኝ። ጠብቁኝ፣ ትንሽ ጠብቁኝ እላለሁ። ድምፅ አውጥቼ ይሁን በልቤ አላውቅም።

ደብሩ ስንደርስ ጥላችን ረዝሟል። ለቀስተኛው ወደ ቤት ሄዷል፤ ከቤቱ በኩል የእህቴ ድምፅ ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጥቂት ወንዶች ብቻ ቀርተው መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይክባሉ። እስከ መጨረሻው እንደጠበቁኝ እህቴ በኋላ ነገረችኝ። ካህናቱ ከዚህ በላይ አይሆንም ሲሉ፣ አካፋውን ማን ይያዝ ተባለ፤ ከሞላሌ እድርተኛውን በጭነት መኪና ይዞ የመጣ አንድ ሰው፣ ልጃቸው እስኪደርስ እኔ ልያዝለት አለ።

ከድንጋዩ ካብ አጠገብ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ጃኬቱን አውልቆታል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ጫማው፣ ሱሪው፣ ግንባሩ ሳይቀር አፈር ብቻ ነው። ያ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሲያየኝ ወደ እኔ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ። ፊቱ ደክሟል፤ ቁጣ የለበትም።

«የት ነበርክ መምህር?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሱ ጥያቄ መልስ ሳጠና ኖሬያለሁ። ግሪኮች እነማን እንደሆኑ፣ ገሉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተየበልኝ። ይኼን አላጠናሁትም። አካፋውን አቀበለኝ። እጀታው ከእጁ ሙቀት የተነሣ ሞቆ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። የተቆፈረው አፈር ሁሉ ገብቷል፤ ተረግጧል፤ ድንጋይ ተክቦበታል። አካፋ የሚያነሣው አንዳች አልተረፈም። አስቀመጥኩትና ተንበረከክኩ፤ ከካቡ ሥር፣ ከሣሩ መሐል የተፈናጠረውን አፈር በጣቴ እየለቀምኩ መዳፌ ላይ አጠራቀምኩ። አንድ እፍኝ አልሞላም።